ወደ ኋላ የቀረውን ሕፃን መጠበቅ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

ብዙ ሰዎች በአንድነት ሆነው ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙ ከመካከላቸው አንዱን እሾህ ቢወጋው ወይም ጕልበቱ ቢደክም፥ በቀሩት መንገደኞች ልብ ሁለት ሐሳብ ይነሣል። አንደኛው፤ ቀኑ ሳይመሽ ወንዙም ሳይሞላ ካሰብንበት ልንደርስ ይገባናልና እንሂድ የሚል ነው። ሁለተኛውም፤ አብረን ወጥተናልና አብረን መግባት ይገባናል፥ እንቈየው የሚል ነው። ሁለቱም ሐሳቦች ምክንያት ስላላቸው በመንገደኞቹ መካከል ክርክር ይሆናል። ይህን የመሰለ ክርክር በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ በየቀኑ ይደረጋል። ነገር ግን እዚያ ተከራካሪው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም መምህሩ ነው። በፊቱ 60 ወይም 70 ሕፃናት ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ እስከ ሰኔ ማለቅ አለበት፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ጥቂቶቹ ግን ገና በጥቅምት ወር ከትምህርቱ ተለይተው ቀርተዋል። መምህሩም ክርክሩን የሚያደርገው በልቡ ስለ ሆነ ማንም አይሰማውም፤ ፍርዱም ሲሰጥ ማንም አያይም።

እንግዲህ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ትምህርት ላቃተው ሕፃን ትምህርት ቤት የሚያደርግለት ርዳታ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ምጽዋት ከሆነ ሰጪው ሲተርፈው ይሰጣል፤ ባይተርፈው ግን ባለመስጠቱ የሚወቅሰው የለም፤ ተቀባዩም ላገኘው ሁሉ ማመስገን ይገባዋል። ዕዳ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለዕዳ ተረፈኝ አልተረፈኝም ሊል አይችልም፤ የከፈለም እንደ ሆነ የሚመሰገንበት ምክንያት የለውም፤ ያልከፈለም እንደ ሆነ ምንም እንኳ ባለገንዘቡ ባይጠይቀው ዕዳው አይሰረዝለትም።

ስለዚህ ነገር የምጽፈው የሌላውን ሰው ጥፋት ለመዘርዘር ስላይደለ በራሴ እጀምራለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት በአንዲት የወረዳ ከተማ በ4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ጠባዩ ያማረ፥ ለታላላቆቹ የሚታዘዝ፥ ጥቍር ሰሌዳውን ሳላዝዘው የሚጠርግልኝ ልጅ ነበረ። ንባብ በተራ በሚነበብበት ጊዜ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ መጽሐፉን ይይዝና ሳይደናቀፍ ይወጣው ነበር። አንድ ቀን ግን መጽሐፉ ለክፍሉ ስላልበቃ እኔ በእጄ የጻፍሁትን አጭር ታሪክ ሰጠሁትና እንዲያነብ አዘዝሁት። ልጁም ወረቀቱን ይዞ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ፤ በግንባሩም ላይ ላብ ወረደ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ይህ ልጅ ያነብ የነበረው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ከእርሱ በፊት የሚያነቡትን ጓደኞቹን ሰምቶ ቃሉን በልቡ ይይዘው ነበር እንጂ ፊደሉን ለይቶ አያውቅም ነበር። እንዲህ እያደረገ አራት ዓመት መኖሩን ሳስብ፥ ያላወቀውን ለመሸሸግ ያወጣው ድካም ፊደልን ለመማር ከሚያስፈልገው ድካም እንደሚበልጥ ተረዳሁ።

እኔስ ምን አደረግሁ? አልመታሁትም፥ አልሰደብሁትም። ነገር ግን ተመልሼ ፊደል ላስተምረው ጊዜ የለኝም ብዬ ለራሴ ነገርሁና፥ ሰኔ ሲደርስ 50 ነጥብ ሰጥቼ ወደ 5ኛ ክፍል አሳለፍሁት። እናቱ ጠላ እየጠመቀች የምታሳድገው ድኻ ሴት ነበረች። ካርዱን በደረቷ ይዛ መጣችና ጕልበቴን ለመሳም ጐንበስ አለች። እኔም ምጽዋት የሰጠሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ጐልማሳ ሆኖ አገኘሁት። እርሱ ቀድሞ አወቀኝና ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ» አለኝ። ወረቀቱ የሥራ ውል ነበር፤ በግርጌውም የእርሱ የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። ሳነበው፥ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ቢተው የሦስት ወር ደመወዙ ለአሠሪው እንዲቀር የሚል ቃል አገኘሁበትና ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «እርስዎ እኮ አይመቱንም ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። ብዙ ሰው በሕይወቴ ወቅሶኛል፤ የዚያን ሰው ምስጋና ያህል የከበደኝ ወቀሳ ግን የለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ሳስበው፥ ትምህርት ያቃተውን ሕፃን ለመሸኘት እኛ መምህራን የምንሄድባቸው ሦስት መንገዶች እንዳሉ አየሁ። የመጀመሪያው አለንጋ ነው። የሚመታ መምህር፥ ልጁ ማወቅ ሲችል በስንፍና አላውቅም ብሏል ብሎ ያምናል። ይህም እምነት አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ፊደሉ ያልገባውን ልጅ ቢመቱት ፍርሃትን ይማራል እንጂ ፊደልን አይማርም፤ የሚፈራም ልጅ ያልገባውን ነገር አልገባኝም ብሎ አይናገርምና፥ አለንጋው ልናውቀው የሚገባንን ነገር ይደብቅብናል። ሁለተኛው መንገድ ስም መስጠት ነው። ደደብ፥ ሰነፍ፥ የማይገባው እየተባለ የሚጠራ ልጅ ውሎ አድሮ ስሙን ይቀበለዋል፤ መምህሩም ስም ካወጣለት በኋላ ምክንያቱን መፈለግ ይተዋል። ሦስተኛው መንገድ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው። ይህ መንገድ ርኅራኄ ስለሚመስል ከሁለቱ ይልቅ ያታልላል። የተመታ ልጅ እንደ ተመታ ያውቃል፤ የተሰደበም እንደ ተሰደበ ያውቃል፤ ሳያውቅ ያለፈ ልጅና ወላጆቹ ግን የተወሰደባቸውን ነገር አያውቁም።

በአገራችን ይህ ሦስተኛው መንገድ ሰፊ ሆኗል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ፥ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት በተከታታይ ምዘና እየታዩ ክፍል ሳይደግሙ እንዲያልፉ የሚያደርግ ሥርዓት ተሠራበት። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ሕፃን በሰባት ዓመቱ ወድቀሃል ቢባል ትምህርት ቤቱን ጠልቶ ይቀራል፤ ክፍል መድገምም ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ባልገባው መንገድ ያንኑ ነገር ሁለተኛ መስማት ነውና። ነገር ግን ሥርዓቱ ሁለት እግር ነበረው፤ አንዱ ማሳለፍ፥ ሁለተኛውም እየመዘኑ የጐደለውን መሙላት። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ተውነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች የሕፃናት ንባብ በተመረመረ ጊዜ፥ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከ100ው 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም፤ ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው።

የዘገየ ዕዳ ወለዱ ከባድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሲነገር፥ ከተፈታኞቹ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100ው 3 ነጥብ 3 ብቻ መሆናቸው ተሰማ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ለወደቁትም ከፊሎቹ በየዩኒቨርሲቲው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፈተ። ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ጣራው ሲወድቅ የሰማነው ድምፅ፥ መሠረቱ ሲሰነጠቅ ያልሰማነው ድምፅ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል። አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ማለታቸው ለዚህ ለዚህ ነው። በ2ኛ ክፍል በአንድ ሰዓት የሚቃና ነገር በ12ኛ ክፍል በዓመት አይቃናም።

አሁን ደግሞ የቀድሞውን የፊደል ትምህርት ቤት እናስታውስ። እዚያ የነበረው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። አለንጋ ነበረ፤ እንዳይኰበልል እግሩ በብረት የታሰረ ልጅም ነበረ፤ ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ልጆች አይገቡበትም ነበር። ነገር ግን ለጥያቄያችን የሚጠቅሙ ሁለት ጥበቦች ነበሩት። አንደኛው፤ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረበትም። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀ ሁ ይላል፤ ሁለተኛው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ሁሉንም በየስፍራቸው ይሰማሉ። ፊደል ያልለየ ልጅ ፊደል እስኪለይ ድረስ ከፊደል አይነሣም፤ በፍጥነት የለየውም ጓደኛውን አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ልጅ ያለበትን ስፍራ የሚወስነው ዕድሜው ወይም የዓመቱ ቍጥር ሳይሆን ያወቀው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ጥበብ አቡጊዳ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቈመ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ በዜማ ሲደጋግም ከቈየ በኋላ፥ ዜማውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ስንደዶውም በፊደሉ ላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚያነብ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደዚያ እንደ እኔ ተማሪ አፉ ብቻ ሊሆን ይችላል። አባቶች ይህን ስላወቁ የፊደሉን ተራ ለውጠው፥ ግዕዙን ካዕቡን ሣልሱንም አቀያይጠው፥ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ የሚል ሌላ መንገድ አበጁ። ልጁ ዜማው አይረዳውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አቡጊዳ ለብዙዎቻችን ከሀሁ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ተራ ብቻ ይመስለናል፤ ለእኔ ግን ሕፃኑ በእውነት ማወቁንና ማስመሰሉን የሚለይ ፈተና መስሎ ይታየኛል። ፈተናውም ልጁን ለመጣል አልነበረም፤ ያላወቀውን ፊደል አግኝቶ እርሱኑ ለማስተማር ነበር እንጂ። እኔ ግን የተማርሁ መምህር ነኝ ስል አራት ዓመት የተሸሸገውን ነገር ያገኘሁት መጽሐፍ ስለ ጐደለ በድንገት ነው።

መፈተን ለመርዳት ሊሆን እንደሚገባው፥ ነገር ግን በቶሎ ለመጣል መሣሪያ እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በፈረንሳይ አገር በ1882 (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) ትምህርት ለሕፃናት ሁሉ ግዴታ ከሆነ በኋላ፥ ትምህርቱን መከተል ያልቻሉ ልጆች በየክፍሉ ታዩ። መንግሥትም በ1904 ይህን ጕዳይ የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው አልፍሬድ ቢኔ ከባልንጀራው ከቴዎዶር ሲሞን ጋራ ሆኖ በ1905 የልጆችን ማስተዋል የሚመዝን 30 ጥያቄ ያለበት መመዘኛ አወጣ። አሳቡም ልዩ ርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ለማወቅ ነበር። የሰው ማስተዋል ከልደት የተወሰነ ነው፥ ሊጨመርበት አይችልም የሚሉትንም በ1909 ባወጣው መጽሐፍ አጥብቆ ተቃወመ፤ የደከመ አካል በልምምድ እንደሚጠነክር ትኵረትና ማስታወስም በልምምድ ይጠነክራሉ ብሎ አስተማረ። እርሱ በ1911 ሞተ። መመዘኛው ግን ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ በደረሰ ጊዜ ሄንሪ ጎዳርድና መሰሎቹ ከልደት የማይለወጥ ደካማነትን የሚያሳይ አድርገው ያዙት፤ ሰዎችንም በየደረጃው ስም እያወጡ ለዩበት። መሣሪያው አንድ ነው፤ የያዘው እጅ አሳብ ግን ተለወጠ። አንዱ ልጁ የቆመበትን ስፍራ ለማግኘት ሲጠይቅ፥ ሌላው ልጁ ከዚያ እንደማያልፍ ለመፍረድ ጠየቀ።

ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። አንዳንዱ ሕፃን ሰነፍ የሚባለው ዓይኑ ጥቍር ሰሌዳውን ስለማያይ ነው፤ አንዱም ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ፤ ሌላውም በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከሚናገረው ልዩ ስለ ሆነ ነው። በመኸር ጊዜ እህል ሲያጭድ፥ በበጋ ከብት ሲጠብቅ፥ ወይም ከሩቅ ወንዝ ውሃ ስትቀዳ የምትቀር ልጅ፥ ያመለጣት ትምህርት እንጂ ያመለጣት አእምሮ የለም። ብዙውም ደግሞ ይራባል። የተራበ ሕፃን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን በጠረጴዛ ላይ ቢያሳርፍ የትምህርት ጥላቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ቍርስና ምሳ ማብላቱ፥ እንጀራም ከትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አንዱ መሆኑን ያስረዳል። ስንፍና የሚባለው ነገር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ምክንያት መሆን ሲገባው፥ እኛ ግን ድካም ስለማይጠይቅ በመጀመሪያ እናነሣዋለን።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። «ወደ ኋላ የቀረውን ስትጠብቅ የቀደመውን ትበድላለህ። ፈጣኑም ሕፃን እኮ የወላጅ ልጅ ነው፤ አገርም በእርሱ ተስፋ ታደርጋለች። ለአንዱ የምትሰጠው ሰዓት ከሌላው የተወሰደ አይደለምን?» ይህ መቃወሚያ የሚናቅ አይደለም፤ ፍትሕ ለሁሉ ነውና። መልሳችን ግን ሁለት ነው።

መጀመሪያ፤ ለሁሉ እኩል መስጠትና ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት አንድ አይደሉም። ሐኪም በሽተኞቹን ሁሉ እኩል ሰዓት ቢያያቸው፥ ጕንፋን የያዘውንና አጥንቱ የተሰበረውን አንድ መድኃኒት ቢሰጣቸው፥ አድልዎ አላደረገም ተብሎ አይመሰገንም። ትምህርት ቤትም ለሁሉ አንድ ገጽ በአንድ ቀን ቢያስተምር እኩል የሰጠ ይመስላል እንጂ፥ በእውነቱ የሰጠው ለሚከተሉት ብቻ ነው። የቀሩት የተቀበሉት የመምህሩን ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፤ የአንዱ ትርፍ የሌላው ጕዳት መሆኑ ግዴታ አይደለም። በሕንድ አገር ቦምቤይ ትባል በነበረችው፥ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው ከተማ፥ በ1995 በአውሮጳውያን አቈጣጠር ፕራታም የሚባል ማኅበር ለድኻ ልጆች ትምህርት ተቋቋመ። ይህ ማኅበር ከዚያው ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መርጦ ለሁለት ሳምንት ያህል አሠልጥኖ ወደ ትምህርት ቤቶች ላከ። ስማቸውንም ባልሳኪ አላቸው፤ የልጅ ወዳጅ ማለት ነው። በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ካሉት መካከል የ1ኛና የ2ኛ ክፍልን ትምህርት ገና ያላወቁትን ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ልጆች ለይተው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ንባብና ቍጥር ከመሠረቱ ያስተምሯቸው ነበር። ከ2001 እስከ 2003 በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ውጤቱ ሲመረመር፥ ባልሳኪዋ ዘንድ የሄዱት ልጆች በግልጥ ተሻሻሉ፤ በክፍሉ የቀሩት ፈጣኖች ግን ብዙም አልተጠቀሙ፥ አልተጐዱምም። ከመርማሪዎቹ ሁለቱ አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ፥ ድህነትን ለመቀነስ እንዲህ ባለ የምርመራ መንገድ በመሥራታቸው በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ ሽልማቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። አዲስ ሕንጻ አልተሠራም፥ ሊቅ አልመጣም። አንዲት ወጣት ሴት ልጆቹ እስከ ቆሙበት ስፍራ ድረስ ተመልሳ ሄደች፤ ከዚያም እጃቸውን ይዛ መጣች። የየኔታ ዛፍና የሙምባይ ባልሳኪ በብዙ ነገር ቢለያዩ በዚህ አንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ልጁን ከመጽሐፉ ስፍራ ሳይሆን ከራሱ ስፍራ ያነሡታል።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ እናንሣ። ርዳታው ዕዳ ነው ካልን፥ ባለዕዳው ማን ነው? 70 ሕፃን በአንድ ክፍል ያለው፥ ደመወዙ ለወሩ የማይበቃው መምህር ነውን? ሰው የማይችለው ነገር ዕዳ ሊሆንበት አይችልም፤ ሊሸከም የማይችለውን ጭኖ ወደቅህ ብሎ መውቀስ ሌላ ግፍ ነው። ይህን ምክንያት እኔም ብዙ ዘመን ለራሴ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ ውሸትም የለበትም። ነገር ግን ያን የሥራ ውል በመናኸሪያው ካነበብሁ በኋላ፥ ይህ ምክንያት ግማሹን ዕዳ ብቻ እንደሚያወርድልኝ ተረዳሁ። ለዚያ ልጅ ፊደል ለማስተማር ጊዜ አልነበረኝ ይሆናል። ያላወቀውን ያውቃል ብዬ በካርዱ ላይ እንድጽፍ ግን ማን አስገደደኝ? ለእናቱ፥ «እመቤቴ፥ ልጅዎ ብልህ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ አልቻለም፤ ምን እናድርግ?» ለማለት የሚያስፈልገው የሁለት ደቂቃ ጊዜና ጥቂት ድፍረት ነበር።

እንግዲህ ዕዳው ሁለት ክፍል አለው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ይኸውም ልጁ በእውነት የት እንደ ቆመ ማወቅና ለሚገባው ሰው መናገር ነው። ይህን ዕዳ መምህሩ ብቻውን መክፈል ይችላል፤ ስለዚህም ምክንያት የለውም። ሁለተኛው ክፍል ተመልሶ መሄድ ነው፤ ይኸውም ሰዓትን፥ ሰውን፥ መጽሐፍን ይጠይቃል። ይህን መምህሩ ብቻውን መክፈል አይችልም፤ ስለዚህ የርእሰ መምህሩ፥ የወላጅ፥ የአገር ሁሉ ዕዳ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ካልተከፈለ ሁለተኛውን የሚጠይቅ አይገኝም። እኔ 50 ብዬ በጻፍሁ ጊዜ የደበቅሁት የልጁን ድካም ብቻ አልነበረም፤ የክፍሉን ጥበት፥ የመጽሐፉን ጕድለት፥ የረዳት ማጣትን ሁሉ ነው የደበቅሁት። ሁሉ ካለፈ ምን ጐደለ ተብሎ ይጠየቃል?

በሥራ የሚገለጥበትም መንገድ የማይቻል አይደለም። መስከረም ሲጠባ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ከዚህ በፊት ያላየውን አምስት መስመር ቢያስነብበው፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የክፍሉን ሁሉ ስፍራ ያውቃል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በክፍላቸው ቍጥር ሳይሆን በዕውቀታቸው ስፍራ ቢመደቡ፥ ፊደል የሚማር ከፊደል ተማሪ ጋራ ይቀመጣል፤ የሚያፍርበትም ምክንያት ይቀንሳል። በብዙ ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ የሚባለው ትምህርት የዕለቱን ትምህርት ሁለተኛ ጊዜ መድገም ሆኖ ይቀራል፤ መሠረት የሌለውን ግድግዳ ዳግመኛ መምረግ ነውና ከዚህ ይልቅ ከጐደለው ቢጀምር ይበልጥ ይጠቅማል። ጐበዙ ተማሪ ጓደኛውን እንዲያስተምር ማድረግም የቈየ ጥበብ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ለአምስት ቡድን እንዳየሁት፥ አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡ ከሆነ፥ ያንን የቀድሞውን መሸሸጊያ በአዲስ ስም መሥራት ይሆናል።

ከመናኸሪያው ያልጨረስሁት ነገር አለ። ያ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ ከመለሰ በኋላ፥ አሁንም ቢሆን መማር ትችላለህ አልሁት። እርሱ ግን ፈገግ ብሎ፥ «የእኔስ ይቅር ጋሼ፤ ልጄ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ገብታለች» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፤ «ማታ ማታ መጽሐፏን ይዛ ታነብልኛለች። እኔ ግን ምን ዐውቃለሁ? በእውነት እያነበበች መሆኑን በምን ልወቅ?»

ይህን ጥያቄ ያስተማረው እኔው ነኝ። እኔም፥ ከመጽሐፏ አታስነብባት አልሁት፤ መንገድ ስትሄዱ በሱቅ በር ላይ ወይም በመኪና ጎን የተጻፈውን አሳያትና ምን ይላል በላት፤ ያለችህን ይዘህ ሁለተኛ ሰው ጠይቅ። ሳትችል ብትቀር ግን አትቈጣት፤ ወደ መምህሯ ሂድና ልጄ የት ላይ እንደ ቆመች እውነቱን ንገረኝ በለው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ እርሱም እጅ ነሥቶኝ ሄደ። መምህሯ ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ያ አባት በመጣ ጊዜ ግን ልመና የሚለምን ሰው እንዳልመጣበት፥ ዕዳውን የሚጠይቅ ባለገንዘብ እንደ መጣበት ቢያውቅ እወዳለሁ።